ለአሮጊቷ ንግግር የተመረጠ ፊደል

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ እሱን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። «ሰረዝ» ይሉታል። ቀጭንና ረጅም ሆኖ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ስለሚል ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ አንዲት ሰረዝ ቦታዋን ስታ ካየ ምሳውን ትቶ ስለሚነታረክ ነው ይላሉ። ሥራው ገጽ ማቀናበር ነው። አንድ ጽሑፍ ሲሰጡት ዓይኑ የሚያርፈው በፊደሎቹ አቋም ላይ ነው፤ «ጠ» እግሮቿን አብዝታ ከፍታ እንደሆነ፣ «ሐ» ከጎረቤቷ ጋር ተፋፍጋ እንደሆነ ከሩቅ ያያል። ጽሑፉ ምን እንደሚል የጠየቀው ሰው ካለ ግን፣ «እሱ የአራሚው ሥራ ነው» ብሎ ይስቃል።

ይህ ሳቁ ኋላ አንጀቱን እንደሚበላው በምን ያውቃል?

ነርሷ ወደ ማተሚያ ቤቱ የመጣችው ለታማሚዎች የሚታደል በራሪ ወረቀት ልታሳትም ነበር። «ፊደሉ ጎላ ይበልልኝ፤ አሮጊቶቼ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነው የሚመጡት» አለች። «አሮጊቶቼ» ያለችበት አነጋገር ቀና ብሎ እንዲያያት አደረገው። እሷም አየችው። ስለ ወረቀቱ ተነጋግረው ከጨረሱ በኋላ እንኳ ከመደርደሪያው አልተነሳችም።

«አንድ የግል ነገር ብጠይቅህ ትቆጣለህ?»

«እንደ ጥያቄው ነው።»

«ብሎግ አለኝ። ከሥራ ስወጣ የምሞነጫጭርበት። ግማሹ አንባቢ ‘ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚታየኝ’ ይለኛል። የሚታያቸው ደግሞ ፊደሉ ዓይን ያማል ይሉኛል።»

«ምን ዓይነት ፎንት ነው የምትጠቀሚው?»

«እሱን እኔ ምኑን አውቄው? ሲከፈት እንደዚያው ነበር።»

«እንደዚያው ነበር» የሚለው መልስ ለሰረዝ ራስ ምታት ነው። በማግስቱ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለው ሻይ ቤት ኮምፒዩተሯን ይዛ መጣች። ጽሑፉ በየትኛውም ስልክ ላይ እንዲነበብ ፎንቱን ከብሎጉ ጋር አብሮ ጫነላት። ለርዕሱ ደንዳና ፊደል፣ ለጽሑፉ ለስለስ ያለ መረጠላት። እርስ በርስ የተነባበሩትን መስመሮች አራራቃቸው።

«አየሽ? አሁን ይተነፍሳል» አላት።

«እኔም ካንተ ጋር ስሆን እንደዚያ ነኝ» አለችና በራሷ አፍ ደንግጣ ወደ ሻይዋ አቀረቀረች። እሱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

ከዚያ በኋላ አዲስ ጽሑፍ በጻፈች ቁጥር ለፊደሉ ሰበብ እየተገናኙ፣ ቀስ በቀስም ሰበቡን እየረሱት ፍቅር ገቡ። እሱ «ሲስተር» ይላታል፤ ታማሚዎቿ እንደሚጠሯት። እሷ «ሰረዝዬ» ትለዋለች። ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ፤ ስለ እናቱ ብቻ አያወሩም።

«እናትህስ?» ብላ አንድ ጊዜ ጠይቃዋለች።

«ሩቅ ነች።»

ሩቅ አልነበረችም። እናቱ በዚያው ከተማ፣ በአንድ ታክሲ በሚደረስበት ሰፈር ትልቅ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። አባቱ ሲሞት ሱቁን እንዲረከባት ለመነችው። «የነጋዴ ልጅ አጋባሃለሁ፣ ሁለታችሁ ትይዙታላችሁ» አለችው። እሱም፣ «በጨርቅ ተጠቅልዬ አልቀበርም» አላት። «እንግዲያው ከፊደልህ ጋር ኑር!» ብላ በሩን ዘጋችበት። ሁለቱም ግትሮች ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም ስልክ አላነሱም። ሰረዝ ነርሷን ወደዚያ በር ይዞ መሄድ በአሳቡ በመጣ ቁጥር ይሸማቀቃል። እናቱ ከእግር እስከ ራሷ ገላምጣት፣ «የማን ልጅ ነች?» ስትል ይሰማዋል። ስለዚህ «ሩቅ ነች» ማለት ይቀለዋል።

*

አንድ ቅዳሜ ነርሷ ደወለችለት። ድምፅዋ ከወትሮው ለየት ያለ ነበር።

«የላክሁልህን ጽሑፍ ከሌሎቹ ለይልኝ፣ እሺ? በመስኮቱ በኩል ስለተኙት እማማ ነው። አስፈቅጃቸዋለሁ፤ ‘ስሜን ብቻ አታንሺ’ ብለውኛል። እሳቸው የሚናገሩትን ብቻ ሌላ ፊደል ስጥልኝ። ድምፃቸው እንዲሰማ እፈልጋለሁ።»

«ድምፅ ያለው ፊደል ፈልግ ነው የምትይኝ?»

«አንተ ታውቅበታለህ።»

የዚያን ዕለት ከሰዓቱን ሙሉ ሠራበት። አንዱን ፊደል ሞከረ፤ በጣም ስስ ሆኖ የታመመ መሰለው። ሌላውን ሞከረ፤ ያ ደግሞ ጭራው በዝቶ ሠርግ የተጠራ ይመስላል። በመጨረሻ እግረ ሰፊ፣ ሆዱ ክብ ያለ፣ ድሮ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎች እየተለቀሙ ይታተም የነበረውን የሚመስል ፊደል አገኘ። የአሮጊቷን ንግግር በእሱ ቀየረው። መጠኑን ከፍ አደረገው፤ ግራና ቀኙን አሰፋላት። ሲጨርስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ እያደረገ ገጹን ከሩቅ አየው። በሥራው ኮራ።

አንድም ቃል አላነበበም።

«አነበብከው?» አለችው ማታ ላይ ደውላ።

«አዎ፣ አነበብኩት።» ውሸት መሆኑ እንኳ አልታወቀውም፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚላት።

«እና?»

«በጣም ቆንጆ ነው።»

«ቆንጆ?»

«ማለቴ… ልብ ይነካል።»

«እሱን አውቄ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ሞቅ አለ። «እናቱ የራቀችው ሰው ይገባዋል ብዬ ነበር።»

*

ታላቅ እህቱ የደወለችው በሥራ ሰዓት ነው። «ና» አለችው፤ ከሆስፒታሉ ስም በላይ መናገር አልቻለችም። የነርሷ ሆስፒታል መሆኑን ልብ ሳይል ወጥቶ ሮጠ።

እህቱን ኮሪደሩ ላይ አገኛት። «እማዬን አጣናት!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አትንገሪው ብላ አስምላኝ ነው፤ ‘ከመጣ በራሱ ልብ ይምጣ’ ብላ ነው፤ የሚሻላት መስሎኝ እኮ ነው! በሚቀጥለው ሳምንት ትወጣለች ብለውኝ ነበር!»

በእህቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ቀና ሲል ነርሷን አያት። የእናቱን የአንገት ልብስ በጥንቃቄ አጥፋ በሁለት እጇ ይዛለች። መጀመሪያ ልታጽናናው አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ቆመች። እህቱን አየች፤ እሱን አየች፤ በእጇ የያዘችውን አየች።

«እናትህ ናቸው?»

አንገቱን ነቀነቀ።

«ሩቅ ነች ያልከኝ?» ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ነበር። «እሳቸውም ልጄ ሩቅ ነው ሲሉኝ ነበር።… ግን እኮ አንብበኸዋል። ስለሳቸው የጻፍኩትን አንብበኸዋል!»

«የትኛውን?» አለ ሰረዝ።

እውነቱን ነበር። እሷ ግን የካደ መሰላት።

«ቆንጆ ነው አልከኝ» አለች። «እናትህ በር በሩን ሲያዩ አንተ ቆንጆ ነው አልከኝ።»

የአንገት ልብሱን ለእህቱ አቀብላ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። ያ ዓይን ከዚያ በፊት እንዲህ አይቶት አያውቅም፤ ጠልቶት ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር። ያየችው ግን እንደማታውቀው ሰው ነው።

ሰረዝ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ከፈተ። ገጹ ወጣ፤ እሱ የመረጠው ሰፊ እግር ያለው ፊደል፣ እሱ ያሰፋው ግራና ቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜም አነበበ።

«እማማ አንሶላውን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል አሽተው አዩት። *ይቺ አንሶላ አንድ ጊዜ ብትታጠብ የአራስ ልጅ መጠቅለያ ነው የምትሆነው፤ ማን ነው የሸጠላችሁ ሌባ?* አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ግን ቀልዳቸው ይጠፋል። ፀጉሬን አበጥሪልኝ ይሉኛል። ትራሳቸውን ከፍ አድርጌላቸው በመስኮቱ የውጭውን በር ያያሉ። ‘ማንን ነው የሚጠብቁት?’ አልኳቸው። *ልጅ ነበረኝ፣ ሩቅ ነው* አሉኝ። ‘የትኛው አገር?’ ብዬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉ፦ *መንገዱ አይደለም የራቀው፤ እኔና እሱ ነን። እኔ ተቆጣሁ፣ እሱ እውነት መሰለው።*»

ሌላ ማንበብ አልቻለም። አንሶላ እያሸች የምትቆጣ በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ናት። የመጀመሪያውን መስመር ቢያነብ ይበቃው ነበር። እዚያ ላይ ቆሞ፣ «ኧረ እናቴ!» ብሎ ሊሮጥ ይችል ነበር። እሱ ግን እዚያ መስመር ላይ «ሽ» ትንሽ ወፍራለች ብሎ ነበር ያሰበው። የእናቱን ድምፅ ፊደል አልብሶ፣ አሳምሮ፣ ሳይሰማው ዘጋው።

*

በለቅሶው ሰሞን ነርሷ አልመጣችም፤ ስልኳም አይነሳም። ብሎጉን ሲከፍት ደግሞ የመረጠላት ፊደል ሁሉ ተነስቷል። ገጹ መጀመሪያ እንደነበረው፣ መስመሩ ተነባብሮ፣ ዓይን እያመመ ተቀምጧል። ሰረዝ ግን በዚያ ክፉ ፊደል ውስጥ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ ማንበብ ያዘ። የሚያየው ውበት ስለሌለ ከማንበብ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ስለ ታማሚዎቿ ጽፋለች። ስለ አባቷ፣ ከጡረታ በኋላ ስለያዘው የዝምታ ጠባይ ጽፋለች። ስለ እሱም ጽፋለች። ዳቦ ገዝቶ ዳቦውን ሳይቀምስ መጠቅለያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ስለሚተች ሰው የጻፈችውን ሲያነብ በዚያ ሐዘን መሀል ሳቅ አመለጠው። ከዚያ ሌላ ገጽ መጣ፦ «አባቴ ‘ያ ልጅ ማን ነው?’ አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? የፊደሎቼ አሳማሪ ልበለው ወይስ የሕይወቴ ጓደኛ? መልሱን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ፣ ይህን ሲያነብ ይነግረኛል።»

ያን ቀን ትዝ አለው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው፣ ጉንጮቿ ቀልተው፣ «ምን ትላለህ?» ብላው ነበር። እሱም፣ «የመስመሩን ርቀት ጥቂት ሰፋ አድርጌዋለሁ» አላት። ያኔ ሳቀች። የደስታ ሳቅ መስሎት ነበር። አሁን ያንን ሳቅ ደግሞ በጆሮው ሰማው፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

እህቱ ይህን ሁሉ ስትሰማ ከተቀመጠችበት ተነስታ አጠገቡ መጣች። እሷ እንደ እናታቸው ነገር በቶሎ የምትቆርጥ ናት።

«ስማኝ፣ ወንድሜ። አላነበብኩም እንዳትላት።»

«እና ምን ልበላት?»

«አነበብኩት፣ አወቅኋትም፣ ኩራት ያዘኝ በላት። ኩራትን ሰው ይረዳል። ሁላችንም አለብን። አልሰማሁሽም ካልካት ግን ምን ይቀርላታል? እስካሁን የነገረችህ ሁሉ ለግድግዳ ነበር ማለት እኮ ነው።»

እህቱ ልክ ነበረች። በዚህ ነው የከበደው።

*

ነርሷን ያገኛት ከሥራ ሰዓቷ በፊት፣ በሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ነጭ ጋውኗን በክንዷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ሲመጣ አልተነሳችም፤ ቦታም አልለቀቀችለትም። ቆሞ ቀረ።

«ለምን አልመጣህም?» አለችው፤ ሰላምታ ሳትሰጠው። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። እናትህ መሆናቸውን እያወቅህ ለምን አልመጣህም? ተቆጥተህ ነበር በለኝ። ፈርቼ ነበር በለኝ። አንድ ነገር በለኝና ላስተኛው ይህን ልቤን።»

ኩራት ይዞኝ ነው የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዓይኖቿ ያንኑ ቃል እየለመኑት ነበር። ብቻ ቢለው፣ ጊዜ ቢወስድም፣ ይቅር የምትለው መሰለው። ግን በውሸት የጀመረውን በውሸት ሊጨርሰው ነው።

«አላወቅሁም፣ ሲስተር። አላነበብኩትም ነበር።»

«ምን?»

«ያንን ጽሑፍ አላነበብኩትም። ፊደሉን ነው ያየሁት።»

«ሌሎቹንስ?» አለች በመጨረሻ፤ በጣም ቀስ ብላ።

«አንዱንም። ያነበብኳቸው አሁን ነው፤ ካጣሁሽ በኋላ።»

ጋውኑ ከክንዷ ላይ ሲንሸራተት አልያዘችውም። «ክፉ ልጅ መሆንህን ልቀበለው እየታገልኩ ነበር» አለች። «ሰው በእናቱ ይጨክናል፣ ይጸጸታል፣ እያልኩ ለራሴ ጠበቃ ሆኜልህ ነበር። ለዚህኛው ግን ከየት ልጀምር? የሚያነቡኝ ሁሉ እንግዶች ናቸው፤ አላውቃቸውም። እኔ የምጽፈው ለአንድ ሰው ነበር። አባቴ የጠየቀኝን እንኳ አፍሬ በአፌ ልነግርህ ስላልቻልኩ እዚያ ላይ ጻፍኩት። አንተ ግን መስመሩን አሰፋህልኝ!»

«አሁን አንብቤዋለሁ። ለአባትሽ…»

«እንዳትመልስልኝ!» እጇን አነሳች። «ያኔ ነበር የምፈልገው። አሁን ‘አነበብኩሽ’ ብትለኝ አላምንህም። ‘እወድሻለሁ’ ብትለኝም በዚያው ድምፅ ነው የሚሰማኝ።»

ሰረዝ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሳይፈቀድለት ተቀመጠ። የወደቀውን ጋውን አንስቶ አቧራውን አራገፈ፤ መልሶ ግን ሊሰጣት አልደፈረም። ከዚያ እሷ፣ ንዴቷ አልቆ፣ እንደደከመው ሰው ማውራት ጀመረች።

«አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ለማንም አልጽፈውም። ለአንተ ግን በአፌ እነግርሃለሁ፤ ስማኝ።»

«እየሰማሁሽ ነው።»

«የመጨረሻዋን ጠዋት ፀጉራቸውን እያበጠርኩላቸው ሳለ ትከሻዬን በስንዝር ለኩኝ። ‘ምነው እማማ?’ ስላቸው፣ ‘ሰፋ ያለ ጨርቅ ነው ላንቺ የሚያምርብሽ’ አሉኝ። ‘ልጄ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ እጁን ይዤ አንቺ ዘንድ ነበር የማመጣው። የነጋዴ ልጅ እያልኩ ስንቱን አስቸገርኩት። አንቺን የመሰለች ቢያመጣልኝ ምን እፈልጋለሁ?’ አሉኝ።»

ሰረዝ አፉን በእጁ ያዘ።

«ሳቅሁ። ‘ዘገዩ እማማ፤ እኔ ሰው አለኝ’ አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ። ‘እሺ፣ ይባረክልሽ። ምንድን ነው ሥራው?’ ብለው ጠየቁኝ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ልነግራቸው አፌን ከፍቻለሁ። ከወዲያኛው ክፍል ሐኪሙ ጠራኝ። ‘መጣሁ፣ ስመለስ እነግርዎታለሁ’ ብያቸው ሄድኩ። ስመለስ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የተኙ መስሎኝ ብርድ ልብሱን አስተካክዬላቸው ወጣሁ።»

ከዚያ በኋላ የሁለቱም እንባ መጣ።

«አንዲት ቃል ነበረች» አለች እያለቀሰች። «‘ፊደል ያሳምራል’ ብያቸው ብሄድ፣ ያውቁህ ነበር። አውቀውህ ይሞቱ ነበር። አንተ ብቻ አይደለህም የምትጸጸተው። እኔም በየሌሊቱ ወደዚያች ክፍል እየተመለስኩ እነግራቸዋለሁ።»

እጇን ያዘ። አልነጠቀችውም። ከእጁ በላይ ሌላ ምንም ሊሰጣት አይችልም ነበር፤ እሷም ከዚያች ጊዜ በላይ ልትሰጠው አልቻለችም። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ እንዳይሰማው ብላ በዝግታ አወጣችና ጋውኗን ከጉልበቱ ላይ ወሰደች።

«ታማሚዎቼ ይጠብቁኛል» አለች ተነስታ።

«ሲስተር…»

ዞር አለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ዛሬ የማታውቀው ሰው አድርጋ አላየችውም።

«አልጠላሁህም» አለችው። «ብጠላህ ይቀለኝ ነበር።»

ጋውኗን እየለበሰች ወደ ውስጥ ገባች። ሰረዝ ሊከተላት አልሞከረም። ከጎኑ ሰዎች ያልፋሉ፣ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ የነገረችውን ቃል በቃል በልቡ እየደገመ ተቀመጠ። በዚያች ሰዓት የፈለገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ወደ እናቱ ሮጦ ስለዚህች ልጅ መንገር።